የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያለ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር በየትኛውም የግቢው ኮምፒውተር በአንድ መለያና በአንድ የይለፍ ቃል እንዲገባ የሚያደርገው ከጀርባ ያለ የስም መዝገብ ነው። በዩኒክስ ማሽኖች ይህን ሥራ ለብዙ ዓመታት የያዘው ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ኒስ ነበር። መጀመሪያ «የሎው ፔጅስ» ይባል ነበር፤ በእንግሊዝ አገር ስሙ የብሪቲሽ ቴሌኮም የንግድ ምልክት ስለነበር ተቀየረ።

ኒስ ለአንድ ሰው አንድ መስመር ይሰጣል። መስመሩ በሁለት ነጥብ የተለያዩ 7 ክፍሎች አሉት። ስም የሚገባው በ5ኛው ነው፤ «አበበ ከበደ ተሰማ» ብለው ቢያስገቡ የቱ የራሱ፣ የቱ የአባቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ችግሩ ሌላ ነው፦ በመረቡ ላይ ያለ ማንም ሰው የሁሉንም የተመሰጠረ የይለፍ ቃል በአንድ ትእዛዝ መገልበጥ ይችላል። ብዙዎች በ1993 (እ.ኤ.አ.) ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ወደ ወጣው ኤልዳፕ የተሻገሩት በዋናነት ለዚህ ነው።

መሻገሪያው ኤልዲአይኤፍ የተባለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። አንዱ መስመር ይበተንና እያንዳንዱ መረጃ ከነመጠሪያው በየራሱ መስመር ይቀመጣል። የግዕዝ ፊደል ግን በቀጥታ አይገባም፤ ወደ ላቲን ምልክቶች ይመነዘራል። «አበበ» 12 ምልክት ይሆናል፣ ለአንድ ፊደል 4፤ የእያንዳንዱ ፊደል ምንዛሪም በቁጥር 4 ይጀምራል። ስልክም ይስተካከላል፦ በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ቁጥሮቻችን ስለረዘሙ፣ የደብረ ማርቆሱ 058 ዜሮውን ጥሎ ከ251 ቀጥሎ ይጻፋል።

እስከዚህ ድረስ ፕሮግራሙ ራሱ ይወጣዋል። ኤልዳፕ ግን የሰው መዝገብ የቤተሰብ ስም ከሌለው አይቀበልም። የተለመዱት መቀየሪያ ፕሮግራሞች ደግሞ ከመጨረሻው ክፍት ቦታ ቀጥሎ ያለውን ቃል አንስተው እዚያ ይከታሉ። አቶ አበበ በአያቱ፣ በተሰማ ሥር ተመዘገበ ማለት ነው። ልጁ ዳዊት አበበ ከበደ እዚያው ቢቀጠር በ«ከበደ» ሥር ይገባል፤ አባትና ልጅ ባዕድ ሲሆኑ፣ የአቶ አበበ የአጎት ልጆች ግን አንድ ቤተሰብ ሆነው ይደረደራሉ። የስልክ ማውጫችን ሁልጊዜ የሚደረደረው በራስ ስም ስለሆነ፣ «አ» ላይ የሚፈልገው ሰው አበበን አያገኘውም። ፕሮግራሙም ስህተት አላሳየም፤ ፋይሉ ደንቡን አሟልቷል።

መፍትሔው ከመቀየሩ በፊት ነው የሚገባው። ሦስቱም ስም በሙሉ ስም መስመር ይቀመጥ፤ የቤተሰብ ስም የሚለውን ግዴታ የአባት ስም ይሙላው፤ ዝርዝሩ በራስ ስም ይደርደር። የውጭ አገር የኢሜይል ፕሮግራም አሁንም «ሚስተር ከበደ» ማለቱ አይቀርም፤ እሱን አቶ አበበ ለምዶታል።