የጫት ቀረጥና የቤት ወጪ

በአንድ ቤት ውስጥ ገቢውን የሚያውቀው ባል፥ ወጪውን የምታውቀው ሚስት ብቻ ብትሆንና ሁለቱ አብረው ተቀምጠው ባይቈጥሩ፥ ቤቱ ያለው እየመሰለ ይራቈታል። የመንግሥትም ግምጃ ቤት በጫት ነገር እንዲህ እንዳይሆን በማሰብ፥ ስለ ሐረር ከተማ ጥቂት ቃል ለክቡራን አንባብያን ማቅረብ ወደድን።

ጫት ለዚያ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት የነገሡት የዓፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፥ የይፋቱ ሰብረ ዲን የንጉሡን አገር ይዤ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ መዛቱን ያወሳል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተንም እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ገብቶ በተቀመጠ ጊዜ ስለ ቅጠሉ ጽፎአል። በጀጎል ግንብ ውስጥ፥ በየቤቱ ነደባ ላይ፥ በሰርግም በሐዘንም በጸሎትም ይቀርባል። ስለዚህ የሚቅመውን ሁሉ እንደ ወንበዴ መቍጠር ፍርድ ማጓደል ነው።

ጉዳቱም እንደ ኦፒየም መድኀኒት ሰውን በአንድ ሌሊት ትንፋሹን አቋርጦ የሚገድል አይደለም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። በቅጠሉ ውስጥ የሚያነቃው ነገር ካቲኖን ይባላል፤ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከተቈረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ኀይሉ ስለሚደክም፥ የአወዳይ ነጋዴዎች ሌሊቱን ሲጭኑ፥ ነጂዎችም ሲሽቀዳደሙ ያድራሉ። ቃሚው ምግብ ይጠላል፥ እንቅልፍ ያጣል፤ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ብሎ መጠጥ ይጨምራል፤ ሊተው ሲሞክር ዱካክ ያስጨንቀዋል። እጅግ በሚያበዛው ላይ የአእምሮ መታወክ ሊደርስ ይችላል። ይህን ሁሉ አስቀድማ የምታየው እናቱ ወይም ሚስቱ ናት፤ የመጀመሪያውንም ወጪ የምትከፍል እርስዋው ናት። የአእምሮ ሆስፒታል በአገሩ ሁሉ አንዱ የአዲስ አበባው አማኑኤል ብቻ በነበረበት በዚያ ረጅም ዘመን፥ የሐረር ሰው በሽተኛውን ይዞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት።

ታዲያ ይከልከል የሚሉ አሉ። ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ2013፥ እንግሊዝ በ2014 ከልክለዋል፤ እነርሱ ግን ጫት የሚተክል ገበሬ የላቸውም። በሐረርጌ ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው በዓመት ደጋግሞ ስለሚቈረጥና ገንዘቡ ቶሎ ስለሚገኝ ነው፤ በየበሩ የምትሸጠውም ሴት ልጆችዋን የምታሳድገው በዚሁ ነው። ለመንግሥትም ከውጭ ምንዛሪ አስገኚዎች ከፊተኞቹ አንዱ ሆኖ ቈይቶአል። መከልከሉ ለእኛ የሚቀል ምክር አይመስለንም።

የሚቀለው የቀረጡን ገንዘብ መንገድ ማስያዝ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የጫት ኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በኪሎ 5 ብር ወሰነ። በክብደት የተቈረጠ ቀረጥ ግን አንድ ጉድለት አለው፤ የገበያው ዋጋ ሲወጣና የብር አቅም ሲደክም፥ በአዋጁ ላይ ያለው ቍጥር ባለበት ይቀራል። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2001 በትምባሆና በመጠጥ ቀረጥ ላይ 2 በመቶ ጨምራ፥ ይህንኑ ጭማሪ ለሕዝብ ጤና ብቻ እንዲውል በሕግ አሰረችው። የገንዘብ ሹሙ በየዓመቱ ቢለዋወጥም ድርሻው አይለዋወጥም።

በሐረር ዘንድ ደግሞ ችግሩ የሚጠነክርበት ሌላ ምክንያት አለ፤ ይኸውም የድንበር ነገር ነው። ቅጠሉ የሚበቅልባቸው የምሥራቅ ሐረርጌ ወረዳዎችና የአወዳይ ገበያ በኦሮሚያ ክልል ናቸው፤ ቃሚው በሐረሪ ክልል ከተማ ይታመማል፤ በሐረር የሚገኘው የሕይወት ፋና ሆስፒታል ደግሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሦስት ከረጢት፥ አንድ በሽተኛ። በየበኩላቸው በጀት ሲያዘጋጁ፥ አንዱ ሌላው ይከፍላል ብሎ መተዉ አያስደንቅም። በጀቱ ሳይጸድቅ በፊት የሦስቱ የሒሳብ ሹሞች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፥ ከጫት ምን ያህል እንደ ገባ፥ ለሐኪም፥ ለአልጋና ለወጣቶች ምክር ምን ያህል እንደ ወጣ፥ በአንድ ወረቀት ላይ ፊት ለፊት ቢጽፉት፥ እናቶች እስከ ዛሬ ከመቀነታቸው እየፈቱ የከፈሉት ስንት እንደ ሆነ መገመት ይቻላቸው ነበር።