ከውሾቹ ሳንባ እስከ እኛ ማድ ቤት

ጨረር ያለው ብናኝ ሲተነፈስ ሳንባ ውስጥ የት ሄዶ ነው የሚያርፈው ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፦ መልሱን አብዛኛውን ያገኘነው ከእንስሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአሜሪካ፣ በሃንፎርድና በአልበከርኪ፣ ቢግል የሚባሉ ትንንሽ ውሾች ፕሉቶኒየም ያለበት ብናኝ እንዲተነፍሱ ይደረግና ዕድሜ ልካቸውን ይጠኑ ነበር። ለውሾቹ ያሳዝናል፤ ያወቅነውን ግን ያወቅነው በዚህ መንገድ ነው።

ወሳኙ የብናኙ መጠን ነው። ከ10 ማይክሮሜትር የሚበልጠው አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከዚያ ያነሰው የአየር ቧንቧው ግድግዳ ላይ ያርፋል፤ አክታ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ወይ እንተፋዋለን ወይ እንውጠዋለን። ከሁለት ማይክሮሜትር በታች ያለው ግን አየር ከረጢቶቹ ድረስ መውረድ ይችላል፤ እዚያ የሚጠርግ አክታ የለም። ነጭ የደም ሴል መጥቶ ይውጠዋል። ፕሉቶኒየም ኦክሳይድ በቀላሉ አይሟሟም፤ የዋጠው ሴል ሲሞት ሌላው ይረከበዋል። ከዓመታት በኋላም ብዙው እዚያው ሳንባና አጠገቡ ያሉት የሊምፍ እጢዎች ውስጥ ተገኝቷል። ከውጭ ቢሆን አልፋ ጨረርን አንድ ወረቀት ያስቆመዋል። ከውስጥ ግን የሚጓዛት አርባ ማይክሮሜትር ገደማ ርቀት አጠገቡ ላለው ሴል በቂ ናት።

እኛ ዘንድ፣ ጉራጌ አገና ውስጥ፣ ፕሉቶኒየም የለም። ራዶን ግን ከአፈርና ከዓለት በየትም ይወጣል። ጋዙ ራሱ ገብቶ ይወጣል፤ ችግሩ ሲፈራርስ የሚወልዳቸው «ልጆቹ» ናቸው። ከነሱ አንዱ፣ ፖሎኒየም-218 ጠጣር ነው፣ ያገኘው ጭስና አቧራ ላይ ይለጠፋል፣ ግማሽ ዕድሜው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። የፕሉቶኒየም-239 ግን 24 ሺህ ዓመት ነው። ፕሉቶኒየሙ ስለማይወጣ ይጎዳል፣ ፖሎኒየሙ አክታ እስኪጠርገው ስለማይጠብቅ።

ስለ ጭስ የተገኘው ውጤት ደግሞ ያስገርማል። ፈረንሳይ ውስጥ ከራዶን በኋላ የሲጋራ ጭስ የተጨመረባቸው አይጦች የሳንባ ካንሰራቸው በዛ። ሃንፎርድ ላይ ግን ሲጋራ እንዲያጨሱ የተደረጉት ውሾች ራዶን ብቻ ከተነፈሱት ያነሰ ዕጢ ታየባቸው፤ ጭሱ አክታውን አወፍሮ ጨረሩን ሳይከልል አልቀረም ተባለ። (ይህን ይዛችሁ ሲጋራ እንዳትለኩሱ! በማዕድን ሠራተኞች ላይ ሁለቱ ሲደመሩ ብሰዋል።)

እንግዲህ የእኛን ቤት አስቡት። ቆጮ እየተጋገረ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ምድጃው ውስጥ ሲማገድ፣ ምሶሶው በጥላሸት ጠቁሮ ያብለጨልጫል። የእንጨት ጭስ ብናኝ አብዛኛው ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ ነው፤ ውሾቹ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የገባው ዓይነት መጠን ማለት ነው። ጨረር ባይኖረው እንኳ መንገዱ ያው ነው። ጭሱ ውስጥ ጋዝም አለ፤ እዚሁ ጉራጌ፣ ቡታጅራ ገጠር፣ አበራ ቁሜና ባልደረቦቹ በማገዶ በሚበስልባቸው ቤቶች ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ለክተው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት አማካዩ ከዓለም ጤና ድርጅት የያኔው የዓመት ገደብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

የድሮው ሳር ቤት ጭሱን በክዳኑ ያሳልፍ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ሲሚንቶ ተለስኖ፣ ኮርኒስ ተመትቶ፣ ምድጃው እዚያው ውስጥ የቀረበት ቤት ነው፤ ጭሱም መውጫ ያጣል፣ ከወለሉ ስንጥቅ የሚገባው ራዶንም ይጠራቀማል። መስኮት ክፈቱ እንዳልል የአገናን የሌሊት ብርድ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ቤት የምታድሱ ካላችሁ፣ ከኮርኒሱ በፊት ማድ ቤቱን ለብቻ አውጡት፣ ጭስ ማውጫም ሥሩለት።