ሐረር ምርቷን በምን ትቋጥራለች?

የሐረር ጀጎል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ሲታጠር የተተዉለት በሮች አምስት ብቻ ነበሩ። በውስጡ 368 ያህል ጠባብ መንገዶች እንዳሉ ይነገራል፤ ከእነሱም አብዛኞቹ መኪና አያስገቡም። ዕቃ የሚገባውም የሚወጣውም በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ ነው። እንዲህ ላለ ከተማ ሣጥንና በርሜል አይመችም። የሚፈለገው ሲሞላ የእንስሳውን ጎን ተከትሎ የሚተኛ፣ ሲራገፍ ደግሞ ታጥፎ ብብት ሥር የሚገባ ነገር ነው። ለዚህም ነው አቁማዳና ስልቻ ለዘመናት ያገለገሉት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1880 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለባርዴ ንግድ ቤት ተቀጥሮ ሐረር ሲገባ ሥራው ቡናና ቆዳ መሰብሰብ ነበር፤ ጭነቱም በግመል ቅፍለት በረሃውን አቋርጦ ወደ ዘይላ ይወርድ ነበር።

ዛሬ የሙያው ሰዎች «ተጣጣፊ ማሸጊያ» የሚሉት ከዚያው ሐሳብ የመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ከላስቲክ፣ ከወረቀት፣ ከአሉሚኒየም ቅጠል ወይም ከነዚህ ድርብርብ ይሠራል፤ ቅርጹን የሚይዘውም በውስጡ ከተጨመረው ነገር ነው። ኬሻው፣ ሰው ሁሉ ማዳበሪያ የሚለው የተሸመነ የላስቲክ ጆንያ፣ የሻምፖዋ ትንሽ እሽግ፣ የአዲስ አበባው የላስቲክ ወተት፣ ሁሉም በዚህ ስም ሥር ይገባሉ። ዋነኛ ጥቅሙ ቅለቱ ነው። ሩብ ኪሎ ቡና የሚይዝ ከረጢት አሥር ግራም ገደማ ሲመዝን፣ ያንኑ ቡና የሚይዝ የብርጭቆ ዕቃ በመቶዎች ግራም ይሆናል። ባዶው ከረጢት ቦታ ስለማይወስድ አንድ ካርቶን ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ይገባል። ዕቃውን ከሩቅ ለሚያስመጣ ባለሱቅ ይህ ትርፍና ኪሳራን የሚለይ ነገር ነው።

ቅለቱ ብቻውን ግን ብዙ አያስኬድም። የማሸጊያ ዋጋ የሚታወቀው ምን እንዳይገባና ምን እንዳይወጣ በመከልከሉ ነው። በሐረር ዙሪያ ይህን ከሁሉ ቀድሞ የተረዳው የጫት ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም። ጫት ከተቀነጠሰ ሁለት ቀን ያህል ከቆየ ኃይሉ ይወርዳል፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ሲደርቅ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣልና። ስለዚህ ከአወዳይ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሊያ የሚሄደው ጫት እርጥበቱ እንዳይሸሽ በሙዝ ቅጠልና በመሳሰለው ተጠቅልሎ ይጣደፋል። ለጫት ያለኝ አስተያየት ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሙዝ ቅጠሉ ግን ከተጣለ በኋላ አፈር የሚሆን ማሸጊያ ነው፤ ላስቲክ ይህን አያደርግም።

የነገሩ ክብደት ያለው ቡናው ላይ ነው። የሐረር ቡና ጀንፈሉ በፀሐይ ደርቆ የሚዘጋጅ ነው፤ ጥሬው ፍሬ በደረቅ ቦታ፣ በኬሻ ሆኖ ወራት ይቆያል። ጣጣው የሚጀምረው ምጣድ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። የተቆላ ቡና ለቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። ወዲያው በጠበቀ ከረጢት ቢታሸግ ከረጢቱ ይነፋል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። እስኪተነፍስ ተብሎ ክፍቱን ቢተው ደግሞ ኦክሲጅን ይገባና ዘይቱን ያበላሸዋል፤ መዓዛውም ይሄዳል። ለዚህ መላ የተገኘው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጣሊያን ውስጥ ነው፤ ጎሊዮ የተባለው ድርጅት ጋዙን የሚያስወጣ፣ አየር ግን የማያስገባ ባለአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ሠራ። ዛሬ በጥሩ የቡና ከረጢት ደረት ላይ የምናየው ክብ ነጥብ እሱ ነው። ከረጢቱ ራሱም ብዙ ጊዜ ሦስት ድርብ አለው፦ ውጭው ኅትመት የሚይዝ ፖሊስተር፣ መካከሉ ብርሃንና አየር የሚከለክል አሉሚኒየም፣ ውስጡ በሙቀት የሚጣበቅ ፖሊኢትሊን።

በጀጎል ውስጥ ቡና ቆልተውና ፈጭተው ለእንግዳ የሚሸጡ ቤቶች አሉ። ሐረርን የጎበኘ ሁሉ አንድ ሁለት ኪሎ ሳይዝ አይመለስም፤ ይህ ለከተማዋ ቀላል ገቢ አይደለም። ሆኖም ተራ ግልጽ ላስቲክ እርጥበትን እንጂ ኦክሲጅንን በደንብ አይከለክልም። ሳይከፈት በላስቲኩ በኩል የሚያውድ ቡና ገዢን ያስደስት ይሆናል፤ የሚያውደው ግን ከቡናው እየወጣ ያለው ሀብት ነው። ተፈጭቶ በእንዲህ ያለ ላስቲክ የታሸገ ቡና አገር ቤት ለዘመድ እስኪደርስ ቢበቃም፣ ባሕር ተሻግሮ ወር ሲቆይ የሐረር ጣዕሙ አብሮት አይቆይም።

ከዚህ በላይ ደግሞ የስሙ ጉዳይ አለ። ኢትዮጵያ «ሐረር»፣ «ሲዳሞ» እና «ይርጋጨፌ» የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሣ ከአሜሪካው ስታርባክስ ጋር ብዙ ተከራክራ፣ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ ደርሳለች። ስሙ ተከበረ፤ ቡናው ግን አሁንም ከሞላ ጎደል ሁሉም በጥሬው፣ በ60 ኪሎ ኬሻ ተጭኖ ይሄዳል። «ሐረር» የሚለው ስም የሚታተምበትን የመጨረሻውን ከረጢት የሚያሽገው ሌላ አገር ሆኖ ቡናውን የሚቆላው ነው፤ ትልቁ ትርፍም እሱ ዘንድ ይቀራል። ቫልቭ ያለው ከረጢት ብቻውን ይህን አይለውጠውም። የአየር ጭነት ውድ ነው፣ የውጭ ገዢዎችም ቡናውን ትኩስ፣ በራሳቸው ልክ ተቆልቶ ይፈልጉታል። የከረጢቱ ጥሬ ዕቃ፣ ላስቲኩም ጭምር፣ በዶላር ከውጭ የሚመጣ መሆኑ ሌላው ማነቆ ነው። ያም ሆኖ ከረጢቱ ከሌለ ቆልቶ የመላክ ሙከራውም የለም።

ከሐረር በጅግጅጋ መንገድ የምትገኘው ባቢሌ በኦቾሎኒዋ ትታወቃለች። እዚህ የማሸጊያ ነገር ከጣዕም አልፎ ጤና ይሆናል። ኦቾሎኒ እርጥበት ካገኘ አስፐርጊለስ የተባለ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ለጉበት ካንሰር ይዳርጋል፣ ቢቆላም አይጠፋም። በብዙ ገበሬዎች ዘንድ የታወቀው ባለሦስት ድርብ ከረጢት፣ ሁለት የፖሊኢትሊን ገበር በማዳበሪያ ውስጥ ማለት ነው፣ በውስጡ ያለው ኦክሲጅን ሲያልቅ ነቀዙን ያለ መድኃኒት አፍኖ ይገድለዋል። ግን አንድ ነገር ይታወቅ፤ ሳይደርቅ የታሸገ ኦቾሎኒ ከክፍቱ የባሰ ይበላሻል። ማሸጊያ ጥሩውን ጥሩ አድርጎ ያቆያል እንጂ የተበላሸውን አያድንም።

በርበሬና ሚጥሚጣም ብርሃን ሲነካቸው ቀለማቸው ስለሚሄድ ግልጽ ላስቲክ አይበጃቸውም። ቶሮንቶ ላሉ ዘመዶች የሚላክ ከሆነ ብርሃን በማያስገባ ከረጢት ቢሆን ይመረጣል።

ወደ ጉዳቱ እንምጣ። የሐረር ቢራ ጠርሙስ በሳጥኑ ተመልሶ ወደ ፋብሪካው ይገባል፤ ጀሪካኑንና የውሃ ፕላስቲኩን ቆራሌው ይወስደዋል። ሦስት ድርብ ያለውን የቡና ከረጢት ግን ማንም አይወስደውም፤ ድርቡን መለያየት ከዋጋው በላይ ያስወጣልና። ያም ቢሆን ከተማዋን ያጨናነቃት እሱ ሳይሆን ፌስታል ነው። ሐረር አጥንቷንና ትርፍራፊዋን ለዘመናት ለጅብ ትታ ኖራለች፤ ግንቡም ጅቦች የሚያልፉባቸው «ወራባ ኑዱል» የሚባሉ ቀዳዳዎች አሉት። ይህ አሮጌ የጽዳት ሥርዓት ላስቲክን አያውቅም።

ሕጉ ዘግይቶም ቢሆን መጥቷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለውን የላስቲክ ከረጢት ከልክሎ ነበር፤ ገበያው ግን ከቁብ አልቆጠረውም። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ፌስታልን ከነጭራሹ ይከለክላል፤ ይዞ የተገኘም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። በእኔ እምነት ክልከላው ትክክለኛውን ነገር ነው የነካው። ኦቾሎኒን ከሻጋታ፣ ቡናን ከአየር የሚጠብቅ ማሸጊያ የሚያድነው ምርት ከራሱ ዋጋ ይበልጣል። ከሸዋ በር ገበያ እስከ ቤት ለሩብ ሰዓት ቲማቲም የሚሸከም ፌስታል ግን የሚያድነው ምንም ነገር የለም።

ለዚህኛው ሥራ ዘንቢል አለን። መኪና ግርግር በሚባለው የጀጎል መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲሰፉ የሚውሉት ልብስ ሰፊዎችም ከቁራጭ ጨርቅ የገበያ ከረጢት ቢሰፉ ገበያው በእጃቸው ነው። ቡና ለሚቆሉት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፤ ውድ ከረጢት ከማስመጣታችሁ በፊት ባላችሁበት ላይ ቡናው የተቆላበትን ቀን ጻፉበት። ገዢም ሆይ፣ ቀን የሌለውን አትውሰድ።