ወልድያ ወይም መርሳ ቤት ልትከራዩ ነው?

ወልድያ የደሴ፣ የመቀሌና የወረታ መንገዶች መገናኛ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። ሠራተኛውም ተማሪውም ነጋዴውም ቤት ይፈልጋል፤ በሀብሩ ወረዳዋ መርሳም እንዲሁ። እንደ ሕግ ባለሙያ በጣም የሚያሳስበኝ የቃል ውል ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በክልል ግን የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ስለሆነ ከከተማ አስተዳደሩ አረጋግጡ። አዋጁ ባይደርሳችሁም ጽፋችሁ ተፈራረሙ። በተለይ መብራትና ውኃ! ቆጣሪው የግቢው የጋራ ከሆነና የእያንዳንዱ ድርሻ ካልተጻፈ፣ ርካሽ የመሰለው ቤት ወር ሳይሞላ ይወደዳል፤ ጭቅጭቁም ከዚያ ይነሣል። ኪራዩን በባንክ ክፈሉ፤ ደረሰኙንም አትጣሉ።