ገንዘባችንን ከአታላይ እንጠብቅ

በሬ ወይም ጤፍ የሸጠ ገበሬ ገንዘቡን ባንክ ወይም የቁጠባና ብድር ማኅበር ያስቀምጣል። እዚያ ሌባ ግድግዳ ሰርስሮ አይወስድበትም። አታላይ ግን ግድግዳ አይሰረስርም፤ ባለገንዘቡን ራሱን ይዞ በበር ይገባል።

የማታለያው መንገድ ብዙ ነው። አንዱ «ልጅዎ ታሟል፤ ቶሎ ብር ይላኩ» ብሎ ይደውላል። ሌላው «ዕጣ ወጥቶልዎታል፤ በቅድሚያ ይክፈሉ» ይላል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ገንዘብ በስልክ ይልካል። ስለዚህ ሦስተኛው «ከባንክ ነው የምደውለው፤ የምሥጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ይላል። ብዙዎቹ በሁለት ነገር ይታወቃሉ፤ ያጣድፋሉ፤ «ለማንም አይንገሩ» ይላሉ።

በመስኮቱ ያለው ሠራተኛ ይህን ምልክት ማወቅ አለበት። አንዲት አሮጊት ያላቸውን ብር በሙሉ ላውጣ ቢሉ፣ አብሯቸው የመጣውም ሰው በእሳቸው ፈንታ እየተናገረ ቢያጣድፍ፣ ሠራተኛው ዝም ብሎ አይከፍልም። ለብቻቸው ጠርቶ፣ «እናቴ፣ ብሩ ለምንድን ነው? ሰውዬውን ያውቁታል?» ብሎ በዝግታ ይጠይቃል። የጣት አሻራ ከማስደረጉ በፊት ወረቀቱን ያነብላቸዋል። ከጠረጠረም ለኃላፊው ይነግራል። ገንዘቡ የእሳቸው ስለሆነ አይከለክላቸውም፤ የማሰቢያ ጊዜ ግን ይሰጣቸዋል። አታላይ እጅ የገባ ብር በቀላሉ አይመለስምና።

እኛም ስንጠየቅ አንቆጣ። ጥያቄው ንቀት ሳይሆን ጥበቃ ነው። ፊደል ቆጥረናልና ሳናነብ አንፈርም። የምሥጢር ቁጥራችንንም ለማንም፣ ለባንክ ሠራተኛም ቢሆን አንናገር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!