በደብተር የሚታወቅ ራስ ምታት

አንዲት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ በየወሩ ሁለት ቀን ራሷን በአንድ ወገን እየወጋት፣ ብርሃን እያስጠላት፣ እያስመለሳት ከሥራ ብትቀር «የሴት ሰበብ ነው» ብለው የሚያሟት አይታጡም። ነገሩ ግን በሕክምና መዝገብ ስም ያለው ሕመም ነው፤ የወር አበባ ሚግሬን ይሉታል።

ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳወጣው አመዳደብ፣ ሕመሙ ደም ከመታየቱ 2 ቀን አስቀድሞ እስከ 3ኛው የደም ቀን ባለው ጊዜ፣ ከ3 የወር አበባ ቢያንስ በ2ቱ መነሣት አለበት። በዚያ ጊዜ ብቻ የሚነሣው «ንጹሕ» ሲሰኝ፣ በሌላም ቀን የሚነሣው «ከወር አበባ ጋር የተያያዘ» ይባላል፤ የሚበዛውም ይኸኛው ነው።

መለያው መሣሪያ ደብተርና እርሳስ ነው። ትዝታ ያሳስታል፤ ከደሙ ጋር የገጠመው ራስ ምታት ሲታወስ ሌላው ይረሳልና። ስለዚህ ደሙም ሕመሙም ቢያንስ 3 ወር በየቀኑ ይጻፋል። ጳጉሜን የዘለለች እንደሆነ ሒሳቡ ይፈርስባታል!

አውስትራሊያዊው ሐኪም ሶመርቪል በ1972 እ.ኤ.አ. ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን በመርፌ ቢሰጥ፣ ደሙ በቀኑ መጣ፤ ራስ ምታቱ ግን ዘገየ። ሕመሙን የሚቀሰቅሰው የሆርሞኑ መውረድ እንጂ ደሙ አለመሆኑ በዚህ ታየ።

ደሟ ቀኑን የሚጠብቅላት ሴት ደብተሯን ይዛ ብትቀርብ፣ ሐኪሟ ለእነዚያ ጥቂት ቀኖች ብቻ የሚወሰድ መከላከያ ሊያዝላት ይችላል።