ከካሴት እስከ ሚሞሪ፦ ኪስ የገባው ሙዚቃ ማጫወቻ

መቅዳት የማይችል ቴፕ ማን ይገዛል? በ1979 መጀመሪያ ላይ በጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ውስጥ ብዙዎቹ ሠራተኞች ለዚህ ጥያቄ የነበራቸው መልስ አንድ ነበር፤ ማንም አይገዛም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያን ጊዜ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ቴፕ የጋዜጠኛ ዕቃ ነበር፤ ቃለ መጠይቅ ይቀዳበታል፣ ንግግር ይያዝበታል። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆኑት ማሳሩ ኢቡካ ግን የፈለጉት ሌላ ነው። በረጅም የአውሮፕላን ጉዞ ሙዚቃ የሚሰሙበት፣ ለመሸከም የማይከብድ መሣሪያ እንዲሠራላቸው ጠየቁ። መሐንዲሶቹ ፕሬስማን የተባለውን የጋዜጠኞች መቅረጫ ፈቱት፤ መቅጃውንና ድምፅ ማጉያውን አውጥተው በምትኩ የስቴሪዮ ማጫወቻ ገጠሙበት። ሌላው መሥራች አኪዮ ሞሪታ ዕቃውን ሲያዩት የወጣቶች መሣሪያ እንደሚሆን ገባቸው፤ የሽያጭ ክፍሉን ተቃውሞ ወደ ጎን ብለው እንዲመረት አዘዙ።

ዎክማን የተባለው ይህ ማጫወቻ ጁላይ 1 ቀን 1979 በ33,000 የን ገበያ ላይ ዋለ። ለመጀመሪያው ዙር 30,000 ተመርቶ ነበር፤ በመጀመሪያው ወር የተሸጠው ግን 3,000 ገደማ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ኩባንያው ወጣት ሠራተኞቹን ማዳመጫ አስጠልቆ ሺንጁኩና ጊንዛን ወደመሳሰሉ የቶኪዮ ሰፈሮች ላካቸው፤ መንገደኛውን እያስቆሙ ያሰሙት ጀመር። ኦገስት ሳያልቅ ዕቃው ከየሱቁ ተሟጦ አለቀ። ለዚህ ስኬት ማዳመጫው የነበረው ድርሻ ከማጫወቻው አያንስም። በጊዜው የነበሩት ማዳመጫዎች ከ300 እስከ 400 ግራም ሲመዝኑ ከዎክማን ጋር የመጣው 50 ግራም ገደማ ነበር።

የመጀመሪያው ሞዴል ሁለት የማዳመጫ መሰኪያና አንድ ብርቱካንማ ቁልፍ ነበረው። ቁልፉን ሲጫኑት ሙዚቃው ዝቅ ይልና ሁለቱ አድማጮች በትንሿ ማይክሮፎን ይነጋገራሉ። ይህን ያስጨመሩት ሞሪታ ናቸው፤ ሰው ጆሮውን ደፍኖ ብቻውን መስማቱ ከጎኑ ያለውን ሰው እንደ መናቅ ይቆጠራል ብለው ሰግተው ነበር። ገዢዎቹ ግን ለየራሳቸው አንድ አንድ ገዙ፤ ቁልፉም በኋለኞቹ ሞዴሎች ቀረ። ሐሳቡ ከሶኒ በፊት መጥቶለት የነበረ ሰውም አለ። ጀርመን ተወልዶ ብራዚል ያደገው አንድሬያስ ፓቬል፣ በወገብ የሚታጠቁትን የስቴሪዮ ማጫወቻ በ1977 ጣሊያን ውስጥ በስሙ አስመዝግቦ ነበር። ሶኒ ከእሱ ጋር በስምምነት የጨረሰው ከሃያ ዓመታት በላይ ከተሟገተው በኋላ ነው።

ካሴት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። 3.81 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ክር በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር እየተጓዘች ሄድ በሚባለው ማንበቢያ ፊት ታልፋለች። በክሯ ላይ የተቀባው ደቃቅ የብረት ኦክሳይድ ድምፁን በመግነጢስ መልክ ይዞታል፤ ሄዱ ያን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፣ ማዳመጫው ደግሞ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ሁሉም ነገር የሚቆመው በፍጥነቱ እኩልነት ላይ ነው። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ሞተሩ ይዝላል፣ ክሯ ትዘገያለች፣ የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ ይጎተታል። በዚያ ዘመን ያደገ ሰው ባትሪ ለመቆጠብ ካሴቱን በቢክ እስክሪብቶ እያሽከረከረ ያጠነጠነውን አይረሳም። የቢኩ ስድስት ማዕዘን ከካሴቱ ጥርስ ጋር ልክክ ይል ነበር።

ለኢትዮጵያ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሸክላ ኅትመት ሲቋረጥ እንደ ካይፋ ያሉ አሳታሚዎች ወደ ካሴት ተሻገሩ፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል አልበም ማለት ካሴት ሆነ። ሸክላ ማጫወቻ ባልነበረው ብዙ ቤት ቴፕ ገባ። ሙዚቃ ቤቶች በየከተማው በዙ፤ ከተሸጠው ካሴት እየተቀዳ የሚባዛውም ዘፈን እንዲሁ በዛ። ከአሳታሚው እጅ የወጣ ዘፈን የማን ነው የሚለው ሙግት እዚህም እዚያም አብሮ ተወለደ፤ ከዚያ ወዲህም ከኪስ ማጫወቻው ታሪክ ተለይቶ አያውቅም።

ሙግቱን ያጋጋለው ግን ጀርመን ውስጥ የተሠራ የሒሳብ ሥራ ነው። በኤርላንገን ከተማ በፍራውንሆፈር የምርምር ተቋም ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግና ባልደረቦቹ የድምፅ ፋይልን ለማሳነስ ሲሠሩ ጆሮ የማይሰማውን ፈልገው መጣልን መረጡ። ከበሮ ጮኾ በተመታበት ቅጽበት በአቅራቢያው ያለች ደካማ ድምፅ ለሰው አትሰማም፤ ስለዚህ እሷን በጥራት መያዝ አያስፈልግም። ብራንደንቡርግ ሥራውን የፈተነው በሱዛን ቬጋ «ቶምስ ዳይነር» በተባለው ዘፈን ነው። ያለ ምንም መሣሪያ የሚሰማ የሴት ድምፅ ስለሆነ ትንሿ ጉድለት እንኳ የምትሸሸግበት ቦታ የላትም። በሲዲ ላይ 42 ሜጋ ባይት ገደማ የሚይዝ የአራት ደቂቃ ዘፈን በተለመደው በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት መጠን ሲታመቅ ከ4 ሜጋ ባይት ያነሰ ይሆናል። ተመራማሪዎቹ በጁላይ 1995 ለፋይሉ ኤም ፒ ስሪ የሚለውን መለያ መረጡለት።

በ1998 የደቡብ ኮሪያው ሴሃን ኤምፒማን የተባለውን፣ በዚያው ዓመት የአሜሪካው ዳያመንድ መልቲሚዲያ ሪዮ የተባለውን ማጫወቻ አወጡ። ሪዮ 200 ዶላር ነበር፤ የያዘው ሚሞሪ 32 ሜጋ ባይት፣ ማለት ግማሽ ሰዓት ገደማ ሙዚቃ ብቻ የሚይዝ ነው። በውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለም፣ ቢሮጡበትም አይዘልም። የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ሽያጩን ለማሳገድ ፍርድ ቤት ሄደ። በጁን 1999 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በማኅበሩ ላይ ፈረደበት፤ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ዘፈን ለራሱ ጥቅም ወደ ኪስ ማጫወቻ መገልበጡ በሕጉ ዓላማ የተደገፈ ነው አለ። የዛሬው የሙዚቃ ገበያ ከዚያ ፍርድ ውጭ ይህን መልክ ይይዝ ነበር ማለት ይከብዳል።

አይፖድ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ኤም ፒ ስሪ ማጫወቻን አፕል ፈጠረው የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። አፕል ያገኘው ትክክለኛውን ዕቃ በትክክለኛው ጊዜ ነው። በ2001 መጀመሪያ ከአፕል የምሕንድስና ኃላፊዎች አንዱ የነበረው ጆን ሩቢንስታይን ጃፓን ሄዶ ሳለ የቶሺባ ሰዎች 1.8 ኢንች የሆነ፣ 5 ጊጋ ባይት የሚይዝ ትንሽ ሃርድ ዲስክ አሳዩት። ለምን ሥራ እንደሚውል እነሱም ገና አልወሰኑም ነበር። በቶኒ ፋዴል የሚመራ ቡድን ዓመቱ ሳያልቅ ማጫወቻውን አደረሰ፤ ኦክቶበር 23 ቀን 2001 በ399 ዶላር ዋጋ፣ 1,000 ዘፈን ይይዛል ተብሎ ቀረበ።

ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ዕቃ ነው፤ ባትሪ ይበላል፣ ሲናጥም ይሳሳታል። ታዲያ ኪስ ውስጥ እንዴት ኖረ? መልሱ የአይፖድ ውብ ብልሃት ነው። በውስጡ ሌላ 32 ሜጋ ባይት ፈጣን ሚሞሪ ነበረው። ዲስኩ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይነሣና ወደ ሃያ ደቂቃ የሚጠጋ ሙዚቃ ወደ ሚሞሪው ገልብጦ ይተኛል፤ ማጫወቻው ከዚያ በኋላ የሚያነበው ከሚሞሪው ነው። ሰውየው ደረጃ ሲወጣ፣ ሲሮጥ፣ አውቶብስ ውስጥ ሲንገጫገጭ ዲስኩ በአብዛኛው ቆሞ ነው ያለው። በአንድ ሙሌት አሥር ሰዓት መጫወቱም የዚህ ውጤት ነው። ሪዮ ሙሉ ሙዚቃውን የሚያኖርበትን ያህል ቦታ አይፖድ ለማረፊያ ብቻ ተጠቀመበት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ግን ሦስት ዓመት ብቻ ነው።

በኤፕሪል 2003 አፕል እያንዳንዱን ዘፈን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም የሚሸጥ የኢንተርኔት ሱቅ ከፈተ፤ ሲጀምር 200,000 ዘፈን ነበረው። ሶኒ በዚህ ጊዜ የት ነበር? ዎክማንን የፈጠረው ኩባንያ የትልልቅ ዘፋኞች አሳታሚም ስለነበረ ዘፈኑ እንዳይገለበጥበት ፈራ። አትራክ በተባለው የራሱ ፎርማት ሙጭጭ አለ፤ ማጫወቻዎቹ ኤም ፒ ስሪን በቀጥታ እንዲያነቡ እስከ 2004 መጨረሻ አልፈቀደም። ደንበኛ በእጁ ያለውን ፋይል የማይቀበል ማጫወቻ የሚገዛበት ምክንያት አልነበረውም።

ማይክሮሶፍትም በ2006 ዙን የተባለ ማጫወቻ ይዞ ገባ። ዲሴምበር 31 ቀን 2008 ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ባለ 30 ጊጋ ባይት ዙኖች በያሉበት ደርቀው ቀሩ። ዓመቱ 366 ቀን ያለው ነበር፤ ቀኑን የሚቆጥረው ፕሮግራም 366ኛው ቀን ላይ ሲደርስ የሚወጣበት መንገድ ስላልተጻፈለት ያንኑ ሒሳብ ያለማቋረጥ ይደጋግም ጀመር። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን እያወቀ ያደገ አንባቢ ስሕተቱ ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ኩባንያው ለባለቤቶቹ የሰጠው ምክር ባትሪው እስኪያልቅ ጠብቀው በማግሥቱ እንደገና እንዲያስነሡት ነው፤ በማግሥቱም ሠራ። ዙን በ2011 ከገበያ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። ስልክ ማጫወቻውን ዋጠው። አፕል ሜይ 10 ቀን 2022 የመጨረሻው አይፖድ በመደብር ያለው እስኪያልቅ ብቻ እንደሚሸጥ አስታወቀ። ኢትዮጵያ ውስጥም ካሴቱ በሲዲ፣ ሲዲው በፍላሽና በስልክ ሚሞሪ ተተካ። ኮምፒውተር የያዘ ልጅ ቁጭ ብሎ ዘፈን የሚጭንበት ሱቅ በየከተማው ተከፈተ፤ ሚኒባሱም ካሴት በነበረበት ቦታ ፍላሽ ሰካ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበትና ፓኬጅ በሚወደድበት አገር ፋይሉ እጅ ላይ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ያለ ኔትወርክ ይጫወታል፤ ወርሃዊ ክፍያ ስላለቀ አይዘጋም።

ብቻውን የቆመው ማጫወቻም አልሞተም። አፕል በ2016 ከአይፎን ላይ የማዳመጫ ቀዳዳውን ካነሣና ሌሎችም ከተከተሉት ወዲህ፣ በሽቦ ማዳመጥ የሚፈልጉ አንዳንድ ሰዎች ወደ ልዩ ማጫወቻ ተመልሰዋል። ሶኒ ዛሬም ዎክማን በሚለው ስም በአንድሮይድ የሚሠሩ ማጫወቻዎችን ይሸጣል። የኮሪያው አስቴል ኤንድ ከርን በውድ ዋጋው ይታወቃል፤ የቻይናው ፊዮ ደግሞ ለመካከለኛ ኪስ የሚሆኑትን ይሠራል። ፊዮ በ2024 አዲስ የካሴት ማጫወቻ ጭምር አወጣ፤ ፍጥነቱ እንዳይዛባ ከመዳብ የተሠራ ከባድ ሽክርክሪት ተገጥሞለታል፤ ቻርጅ የሚደረገው እንደ ስልክ በዩ ኤስ ቢ ነው።

መግዛት ለሚያስብ ሰው ይህ ጸሐፊ የሚለው አለው። ከሲዲ በላይ ጥራት ተብሎ በትልልቅ ቁጥር የሚሸጠው ነገር ለአብዛኛው ጆሮ ልዩነቱ እጅግ ጠባብ ነው፤ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ጥሩ ማዳመጫ ላይ ይውጣ። ሚሞሪ ካርድ የሚቀበልና በፍላክ የተቀመጠ ፋይል የሚያነብ መሆኑ ይታይ፤ ፍላክ ከኤም ፒ ስሪ በተለየ ከድምፁ ምንም ሳይጥል ያሳንሳል። ድምፁን ከፍ ማድረግ ደግሞ በገደብ ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ማዳመጥ አይጎዳም ይላል፤ በ90 ዴሲቤል ግን ሰዓቱ ወደ 4 ይወርዳል። የተጎዳ የጆሮ ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም።

ካሴት በቤታቸው ላላቸው ሁሉ ደግሞ አንድ ልመና። የክር ዕድሜ የተወሰነ ነው። ሙቀትና እርጥበት ሽፋኑን ያረግፉታል፣ መግነጢሱም በጊዜ ይደክማል። ሲዲ ላይ ያልወጣ፣ ኢንተርኔት ላይ ያልተጫነ የድሮ አልበም፣ የሠርግ ዘፈን፣ የአያት ድምፅ፣ ከውጭ አገር በካሴት ተቀድቶ የተላከ ሰላምታ በየካርቶኑ ውስጥ አለ። የሚሠራ ቴፕ፣ ሄዱን ለማጽዳት ጥጥና አልኮል፣ ከማዳመጫ ቀዳዳው ወደ ኮምፒውተር የሚገባ አንድ ገመድና እንደ ኦዳሲቲ ያለ ነጻ ፕሮግራም ካለ ሥራው ይሠራል። ካሴቱ በቆየበት ዘመን ልክ ክሩ ሊጣበቅ ስለሚችል በመጀመሪያ አንድ ጊዜ እስከ ጫፉ አጠንጥናችሁ መልሱት። ስትቀዱ በዌቭ ወይም በፍላክ አስቀምጡ፤ ኤም ፒ ስሪውን ለስልካችሁ ከዚያ ላይ ታወጣላችሁ። አንዱን ቅጂ ቤት፣ ሌላውን ሌላ ሰው ዘንድ አኑሩ። ቴፑ ገና እየሠራ ሳለ ዘንድሮ ጀምሩት።